አንበሳው ኽምጣኛ ይሰማ ነበር

በ2015 ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ እታለም ከሰቆጣ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። አራት ደቂቃ ከምናምን። ሦስቱ ደቂቃ እንደተለመደው ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ እማዬ ጉልበት ነበር። መጨረሻው ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ ልጇ ነገረችኝ። ሰባት ዓመቱ ነው። በረዶ ቆርቆሮውን ሲመታ አልጋ ሥር ይገባል። ሲያባራ ይወጣና አጠገቡ ያገኘውን ልጅ ይማታል። በኋላ ለብቻው ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥና "እኔ መጥፎ ነኝ" ይላል። "አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ አይደል፣ እስቲ ለዚህ ልጅ የሚሆን ተረት ፈልግለት" አለችኝ።

ቤተሰብ ውስጥ ኢንጂነር የተባለ ሰው ሁሉን ነገር ይጠግናል ተብሎ ይታሰባል። ሪሲቨር፣ የተቆለፈ ስልክ፣ የጠፋ የፌስቡክ ፓስወርድ። አሁን ደግሞ የልጅ ፍርሃት መጣ።

ጦርነቱ በ2013 መጨረሻ ዋግ ሲደርስ ልጁ አምስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች ሰቆጣ ዙሪያ ተጠልለው ሲኖሩ አብሯቸው ተጫውቷል፣ የነሱንም ወሬ ሰምቷል። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ስልክ ተቋርጦ የቤተሰቤን ድምፅ ሳልሰማ የቆየሁባቸው ሳምንታት አሉ፤ ያ የእኔ ፍርሃት ነው። የሱን ግን አላውቀውም። ይህን ከመጀመሪያው ማመን ነበረብኝ።

እዚያው ማታ ዩቲዩብ ከፈትኩ። በአማርኛ ስለ ንዴት፣ ስለ ፍርሃት፣ "ራስን ስለመውደድ" የሚያወሩ የልጆች ቪዲዮዎች ሞልተዋል። ቀለማቸው ደማቅ፣ ዘፈናቸው ፈጣን፣ ብዙዎቹ ከውጭ ተተርጉመው የመጡ። ስትናደድ በረጅሙ ተንፍስ፣ እስከ አሥር ቁጠር፣ መስታወት ፊት ቆመህ ጎበዝ ነኝ በል። መጥፎ ናቸው አልልም፣ እኔ ራሴ ከስብሰባ በፊት እስከ አሥር እቆጥራለሁ። ግን ስምንት ዘጠኝ ቪዲዮ ካየሁ በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁሉም ላይ ሥራው የልጁ ነው። ልጁ ይናደዳል፣ ልጁ ይተነፍሳል፣ ልጁ ይስተካከላል። ትልቅ ሰው ካለም በር ላይ ቆሞ ፈገግ ይላል፤ ከዚያ አያልፍም።

ያኔ ነው እምዬ፣ አያቴ፣ ትዝ ያለችኝ።

አያቴ የዝቋላ ሰው ነበረች። የዋጉን ዝቋላ ነው የምለው፣ ደብረ ዘይት አጠገብ ያለውን ተራራ አይደለም። አማርኛ ትችላለች፤ ለገበያ፣ ለቀበሌ፣ ለጎረቤት። ተረት ግን በኽምጣኛ ብቻ ነበር የምትነግረን። ከተረቶቿ መካከል እናንተም ሳትሰሙት የማትቀሩት አንድ አለ፤ የአንበሳው ጸጉር።

አንዲት ሴት እናቱ የሞተችበት ልጅ ያለው ሰው ታገባለች። ልጁ እንጀራ እናቱን አይቀበልም። ያበሰለችውን አይበላም፣ የሰፋችለትን ልብስ ይቀዳል፣ ስትጠጋው ይሸሻል። ሴትዮዋ ጨንቋት ወደ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ትሄዳለች፤ "ልጁ እንዲወደኝ መድኃኒት ስጠኝ።" ሽማግሌው "ከሕያው አንበሳ ጺም ሦስት ጸጉር አምጪልኝ" ይላታል። ሥጋ ይዛ አንበሳው ወደሚውልበት ትወርዳለች። የመጀመሪያ ቀን ከሩቅ ጥላለት ትሮጣለች። በማግሥቱ ትንሽ ጠጋ ትላለች። ቀን ቀንን ይወልዳል፣ ሳምንት ያልፋል፣ ወር ይሞላል። መጨረሻ ላይ አንበሳው አጠገቧ ተኝቶ ሲበላ ሦስት ጸጉር ትቆርጣለች። እየሮጠች ለሽማግሌው ስታመጣለት ጸጉሩን እሳት ውስጥ ይወረውረውና ለልጁም እንደ አንበሳው አድርጊለት ይላታል።

ይህ ተረት ሌላ መልክም አለው፤ በልጁ ቦታ ቁጡ ባል የሚገባበት። እሱን አልወደውም። ሚስት የባሏን ጠባይ እንደ አውሬ በትዕግሥት ትግራው የሚል ምክር ሆኖ ለስንት ሴት እንደተነገረ አስቡት። የልጁ ግን ሌላ ነው። እዚህ ውስጥ ማንም ሰው ልጁን "አታልቅስ" አላለውም። እናቱ ሞታለች፣ ተቆጥቷል፣ ፈርቷል፤ ተረቱ ይሄን እንደ ጥፋት አይቆጥረውም። ጀግንነቱም ትዕግሥቱም የተጠየቀው ከትልቋ ሰው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ አንበሳ አደን የተነገረ ተረት ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ልማድ ሆኖብኝ ምንጩን ማሰስ ጀመርኩ። ኮድ ሲበላሽ መጀመሪያ የምናየው ማን መቼ ነካው የሚለውን ነው አይደል? ተረትም እንደዚያው ነው።

በእንግሊዝኛ ታትሞ ያገኘሁት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ራስል ዴቪስና ብሬንት አሻብራነር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን "የአንበሳው ጺም" ብለው ባወጡት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ውስጥ። ሰዎቹ ፖይንት ፎር በሚባለው የአሜሪካ የእርዳታ ፕሮግራም ሥር ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የንባብ መጻሕፍት ለማዘጋጀት የመጡ ነበሩ፤ ተረት የሰበሰቡትም በዚያው ነው። ከነሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1950 ሃሮልድ ኮርላንደርና ቮልፍ ሌስላው "እሳት በተራራው ላይ" የሚለውን አሳትመዋል። የሚገርመው፣ ኮርላንደር በዚያው በ1959 ባወጣው የእስያ ተረቶች መጽሐፍ ውስጥ የእኛው ተረት ወንድም አለ፤ ኮሪያ ውስጥ፣ በአንበሳ ፈንታ ነብር ሆኖ፣ በልጁ ፈንታ ከጦርነት የተመለሰ ባል ሆኖ። ከጦርነት የተመለሰ። ይህን ሳነብ ላፕቶፑን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

"እሳት በተራራው ላይ" የሚለውን ተረትም ታውቁታላችሁ። አሽከርና ጌታ ይወራረዳሉ፤ አሽከሩ ራቁቱን ሌሊቱን ሙሉ ሱሉልታ ተራራ ላይ ውርጭ ችሎ ካደረ ሀብት ያገኛል። አንድ ሽማግሌ ወዳጁ ከሸለቆው ማዶ እሳት አንድድልሃለሁ፣ እሱን እያየህ እደር ይለዋል። ያድራል። ጌታው ግን እሳት ካየህማ ሞቀሃል ብሎ ይክደዋል፣ በኋላም ሽታው ብቻ በሚቀርብ ግብዣ እስኪያፍር ድረስ። ልጆች የሚስቁት ግብዣው ላይ ነው። እኔን አሁን የያዘኝ እሳቱ ነው። ከሩቅ ያለ እሳት አያሞቅም፣ ጌታው እንኳን ተሟግቶ አላሸነፈም፤ ግን ያለሱ ሰውየው አያድርም ነበር።

ሰቆጣ ላደገ ወንድ ልጅ ይህ እንግዳ የጀግንነት ትምህርት ነው። እኛ ስለ ጀግንነት የሰማነው በደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ነው። የዋግ ሹም ከበደ ልጅ፣ ጣሊያንን አልገዛም ብሎ ዋግንና ላስታን ያስነሣ፣ በ1930 መስከረም የተገደለ፣ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ሕዝብ እንዲያየው በአደባባይ የተሰቀለ። ትልልቆቹ ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው ይቀየር ነበር፣ ልክ ናቸውም። ስለ እሱ የተነገረንን ማንም እንዲቀንስብኝ አልፈልግም። ግን ለስምንት ዓመት ልጅ ጀግንነት ማለት ጭንቅላትህን መስጠት ብቻ ከሆነ፣ አልጋ ሥር የሚገባው ልጅ ራሱን ምን ብሎ ይጥራ? አንድ ሌሊት ውርጭ ችሎ ማደርም ጀግንነት ነው የሚል ተረት እኮ በዚሁ አገር ነበረ።

ወደ ቴሌቪዥን ልምጣ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ተስፋዬ ሳህሉ፣ አባባ ተስፋዬ፣ የልጆች ጊዜ ላይ ቀረቡ። ከ40 ዓመት በላይ ቆዩበት። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው ወታደሩን ሲያዝናኑ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ያንን የነብር ተረት እዚያ ሰምተውት ይሆን ብዬ ማሰቤ አልቀረም። በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ነበር። በር ላይ ተደርድረን እናያቸዋለን። "ተረት ተረት" ሲባል "የላም በረት" ብለን የምንጮኸው እኛ ነን፣ እሳቸው የሚሰሙን ይመስለን ነበር። በሐምሌ 2009 ሲያርፉ ቢሮ ውስጥ ያለቀስን ብዙ ነበርን፤ የሁላችንም አያት ነበሩ።

ግን እውነቱን ልናገር፣ የእኔ ውርደት የጀመረውም ከዚያው በር ላይ ነው። የአባባ ተስፋዬ አማርኛ የጠራ ነው፤ የአያቴ አይደለም። እሷ ተረት ስትጀምር ጓደኞቼ እንዳይሰሙ በሩን እዘጋ ነበር። ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ ክፍል እያለሁ አንድ መምህር ተረት እንድናወራ ጠየቀን። የአንበሳውን ጀመርኩ፤ አንበሳው የሚናገርበት ቦታ ስደርስ አፌ ላይ የመጣው ኽምጣኛ ነው። አያቴ ያንን ዓረፍተ ነገር በሌላ ቋንቋ ተናግራው አታውቅማ! ክፍሉ ሳቀ፣ መምህሩም አብሮ ሳቀ። ክፋት አልነበረውም፣ አሁን ሳስበው ወጣት ልጅ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አያቴ በኽምጣኛ ስትናገረኝ በአማርኛ መመለስ ጀመርኩ። አልተቆጣችኝም። ዝም ብላ ቀጠለች፣ በራሷ ቋንቋ፣ ትንሽ ራቅ ብላ።

በዚያው ዘመን ገደማ ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ስለ ሞኝ ልጅ መጽሐፍ አውጥቶ ነበር። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሱዳን በኩል ተሰዶ ሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሆነ ሰው ነው። ለኢትዮጵያ ልጆች የሚሆን መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ሲያጣ "ሞኙ ማሞ"ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳተመ። በ1995 አዲስ አበባ፣ ሾላ፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፍ የሚያመላልስ የአህያ ጋሪ። ማሞ የተነገረውን ሁሉ በተሳሳተ ጊዜ የሚሠራ ልጅ ነው፤ መጨረሻ ላይ አህያ ተሸክሞ ሲሄድ ስቃ የማታውቅ የሀብታም ልጅ ታየውና ትስቃለች። በሳቋ ዕድሉ ይለወጣል። ሲስቁብህ ዕድልህ ሊሆን ይችላል የሚል ነገር አለው፤ እኔ ግን ያኔ አላነበብኩትም፣ አህያው እኛ ጋ አልደረሰም።

በ1998 ደግሞ ፀሐይ መጣች። ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች ወጣት መምህርት ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ሆና ከካልሲ የተሠራች የቀጭኔ አሻንጉሊት ይዛ "ፀሐይ መማር ትወዳለች"ን ጀመረች። ሰውየው የሶፍትዌር ባለሙያ መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ፣ አይዋሽም። ፀሐይ እ.ኤ.አ. በ2008 የፕሪ ዠነስና የጃፓን ሽልማቶችን ወሰደች። ከሁሉ በላይ የምወድላት ግን ስድስት ዓመቷ መሆኑ ነው። አባባ ተስፋዬ አያት ሆነው ለልጆች ያወራሉ፤ ፀሐይ ልጅ ሆና ትጠይቃለች።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ፣ አንዱን በር ሲከፍቱ ሁልጊዜ ውጭ የሚቀር አለ። ተረቶቹ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ተነግረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በእንግሊዝኛ ታተሙ። ቴሌቪዥን ሲመጣ በአማርኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በአሜሪካ እርዳታ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ንባብ መጻሕፍት እንደ አዲስ ሲዘጋጁ ሰባት ቋንቋዎች ተመረጡ፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ሃዲይኛ። ኽምጣኛ በዋግ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ ነው፣ የክልሉ ሬዲዮም ይናገርበታል፣ ግን ከሰባቱ ውስጥ አልነበረም። በ1987ቱ ቆጠራ አፍ መፍቻዬ ነው ያለው ሕዝብ 143 ሺህ ገደማ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ገንዘቡ ውስን ነው፣ ውሳኔው ይገባኛል።

በጣም የሚገባኝ ደግሞ እኔም ስለወሰንኩት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በምሠራበት ቦታ የአንድ መተግበሪያ የቋንቋ ምርጫ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ስንት ቋንቋ ይግባ ሲባል ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ፣ በተጠቃሚ ብዛት ደረደርኩ፣ ከአምስተኛው በታች ያለውን ቆረጥኩ። ኽምጣኛ ዝርዝሩ ውስጥ እንኳን አልነበረም። ማንም አላስገደደኝም፤ ክፍሉ ውስጥ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔም አላነሣሁትም። ምክንያቴ ሠንጠረዡ አልነበረም፤ ያ ሁለተኛ ክፍል የሳቀው ክፍል ነበር።

ቋንቋው ቀድሞም አልተጻፈም እንዳይመስላችሁ። ሊዮ ራይኒሽ የተባለ ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1884 ቪየና ላይ ስለዚሁ ቋንቋ በሁለት ክፍል አሳትሟል፤ ሁለተኛው መዝገበ ቃላት ነው። ኮንቲ ሮሲኒ ሃያ ዓመት ቆይቶ ስለ አበርገሌው ጽፏል። የራይኒሽን ቅጂ አውርጄ ጀርመንኛውን ሳልረዳ ቃላቱን ብቻ እያየሁ አመሸሁ። የአያቴ አፍ ቪየና ደርሶ ነበር፣ እሷ ከመወለዷ በፊት። ልጅ ግን እሱን ይዞ አይተኛም።

ፊደሉስ? አማርኛ የሌለው፣ አፍንጫ ውስጥ የሚቀር አንድ ድምፅ አለን። ለሱ "ጘ" የሚባል ፊደል አለ፤ የቋንቋው ስም ራሱ በራሱ አጻጻፍ ኽምጣጛ ነው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ሲያስገባ ይቺም አብራ ገብታለች። ማለቴ፣ ዓለም አቀፉ ኮሚቴ እኔ ከቆረጥኩበት ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ቦታ ሰጥቷታል። ስልኬ ላይ ለመጻፍ ኪቦርድ ቀየርኩ፣ እታለም ስልክ ላይ ግን ባዶ ሳጥን ሆና ደረሰች።

ስለዚህ መጻፉን ተውኩት። ለእማዬ ደወልኩና የአንበሳውን ተረት፣ እንደ አያቴ፣ በኽምጣኛ እንድትነግረው ለመንኳት። "ረስቼዋለሁ" አለች። ከዚያ ሳትዘጋ "ሽማግሌው ነው ቀድሞ የሚናገረው ሴትዮዋ?" ብላ ጠየቀችኝ። አላወቅኩም። እሷም ከኔ የምትሰማ መስሏት ነበር።

በሦስተኛው ቀን የድምፅ ቅጂ መጣ። አሥራ አንድ ደቂቃ፤ ዶሮ አለበት፣ የጎረቤት በር አለበት፣ አንድ ቦታ ላይ ቆም ብላ "ቆይ፣ ተሳሳትኩ" ትላለች። ግማሹን ነው የተረዳሁት። አንበሳው የሚናገርበት ቦታ ሲደርስ ግን ሁሉንም ሰማሁ።

እታለም ለልጁ አሰማችው። በረዶ በሚጥልበት ማታ አይደለም፤ ፀሐይ እያለ፣ ደጅ ተቀምጠው። አሁንም በረዶ ሲመጣ አልጋ ሥር ይገባል። ልዩነቱ እታለም አሁን ና ውጣ አትለውም፤ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ትቀመጣለች፣ ስልኩን ታስቀምጣለች፣ ዝም ትላለች። ባለፈው እጁን አውጥቶ ስልኩን ራሱ ከፈተው አለችኝ።

ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ነበረው፣ በአማርኛ። ሴትዮዋ ለአንበሳው የወሰደችው ሥጋ የምን ነው? እማዬ ይህ ተጠይቃ አታውቅም። "የፍየል" አለችው። "የማን ፍየል?" አለ። በሁለተኛው ቅጂ ላይ ፍየሉ የአበርገሌ ሆኗል፣ ቀይ፣ አንድ ቀንዱ የተሰበረ፤ አሥራ አራት ደቂቃ ደርሷል።